መዝገቡና ግልባጩ፤ የቤት የፊልምና የዘፈን ስብስብ መዝገብ በአውታረ መረብ ማከማቻ ስለ መጠበቁ አጭር ታሪክ

መግቢያ

ስለ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚያትቱት መጻሕፍቱ እንዴት እንደ ተሰበሰቡ፤ እንዴትም እንደ ተቃጠሉ ወይም እንደ ተበተኑ ነው። መጻሕፍቱ የተጻፉበት መዝገብ ምን እንደ ደረሰበት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም መዝገብ የሌለው ስብስብ ክምር እንጂ ቤተ መጻሕፍት አይባልም። ይህ አባባል ለብራና እንደሚሠራ ሁሉ፤ ዛሬ በየቤቱ በኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ለተከማቸው ፊልም፤ ዘፈንና የቤተሰብ ምስልም ይሠራል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምራቸው ያሰብናቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፤ በቤት የሚገኝ የፊልምና የዘፈን ስብስብ መዝገብ፤ ይኸውም ዳታቤዙ፤ በአውታረ መረብ ማከማቻ ላይ ተጠባባቂ ግልባጭ ሊደረግለት የቻለው በምን ዓይነት ታሪክ አልፎ ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው፤ ይህ ልማድ ባለቤቱ እንደሚያስበው መዝገቡን በእርግጥ ይጠብቀዋልን? የሚል ነው። እንደ እኛ አስተያየት ፊልሙን መጠበቅና መዝገቡን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ፊልሙ አንድ ጊዜ ተጽፎ ያለቀ ነገር ነው፤ መዝገቡ ግን በየቀኑ የሚጻፍበት፤ የሚፋቅበትና የሚታረም ነገር ነው። ብዙው ጥፋት የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን እንደ አንድ ከመቁጠር መሆኑን በታሪኩ ውስጥ ለማሳየት እንሞክራለን።

ለአንባብያን እንዲመች፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ የመዝገብ ጥንታዊ ችግር

በእስክንድርያ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ይሠራ የነበረው ባለቅኔው ካሊማኮስ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት «ፒናኬስ» የተባለ መዝገብ አዘጋጀ። መዝገቡ ብቻውን 120 ጥቅል መጻሕፍት ያህል እንደ ነበረ ተጽፏል። ደራስያንን በየድርሰታቸው ዓይነት እየለየ፤ የእያንዳንዱን ሕይወትና ሥራ ይዘረዝር ነበር። ዛሬ ከዚያ ሁሉ የተረፈው ሌሎች ጸሐፊዎች በየመጽሐፋቸው የጠቀሱት ቁርጥራጭ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ እስክንድርያ ምን ምን እንዳጣች እንኳ በሙሉ ለማወቅ አልተቻለም። መዝገቡ ቢተርፍ ኖሮ፤ የጠፋውን ባናነበውም እንኳ በስሙ እናውቀው ነበር።

በአገራችንም ተመሳሳይ ችግር በሌላ መልክ ይገኛል። በጥንታውያን አድባራትና ገዳማት የርስትና የጉልት ሰነድ፤ የንዋያተ ቅድሳትና የመጻሕፍት ዝርዝር በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ወንጌሉ ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቅ የሚከበርና በጥንቃቄ የሚጠበቅ ስለ ሆነ፤ በእርሱ ላይ የተጻፈውን ለመፋቅ የሚደፍር አልነበረም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው፤ በ1280 እና በ1281 መካከል የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው። በዚህ ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። ይህ ዘዴ መዝገቡን ከመዛባት ይጠብቀዋል፤ ከጥፋት ግን አይጠብቀውም። ወንጌሉ ቢቃጠል ዝርዝሩም አብሮ ይቃጠላልና። መዝገቡ የሚያድረው መዝገቡ ከሚዘረዝራቸው ነገሮች ጋር በአንድ ጣራ ሥር ነው።

መፍትሔው የመጣው ከ7 መቶ ዓመት ያህል በኋላ ነው። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲካሄድ፤ ብዙ ሺህ መጻሕፍት ተነሥተው ፊልማቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኔሶታ ክፍለ ግዛት በኮሌጅቪል ተቀመጠ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌልም በዚሁ ሥራ 1832 ቁጥር ተሰጥቶት ተነሥቷል። ፊልሞቹም ያለ መዝገብ አልቀሩም፤ ዊልያም ማኮምበርና ጌታቸው ኃይሌ ተከታታይ ዝርዝሮቻቸውን አዘጋጅተው አሳትመዋል። እንግዲህ በዚህ ሥራ ሦስት ነገሮች ተሟልተዋል፤ ዋናው፤ በሩቅ ቦታ የተቀመጠው ግልባጭና የታተመው መዝገብ። በሚከተለው ታሪክ ውስጥ እነዚህን ሦስቱን ደጋግመን እናገኛቸዋለን።

2ኛ፤ ከቴፕ ወደ አውታረ መረብ

በኮምፒዩተር ዓለም ግልባጭ የመያዝ ልማድ የጀመረው በማግኔት ቴፕ ነው። በ1951 ዩኒቫክ የተባለው ኮምፒዩተር ከማግኔት ቴፕ ጋር ለሽያጭ ቀረበ። ቴፕ ርካሽና ከመሣሪያው ተነቅሎ ወደ ሌላ ቤት ሊወሰድ የሚችል ስለ ነበረ፤ መሥሪያ ቤቶች «አያት፤ አባትና ልጅ» የሚባል ሥርዓት አበጁ። የዛሬው ቴፕ ልጅ፤ የትናንቱ አባት፤ ከዚያ በፊት የነበረው አያት ይባላል። ልጁ ቢበላሽ ከአባቱ፤ አባቱም ቢበላሽ ከአያቱ እንደ ገና ይሠራል። የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥቅም ግልባጩ አንድ አለመሆኑ ብቻ ሳይሆን፤ ግልባጮቹ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው መሆናቸው ነው። ዛሬ የገባ ስሕተት ትናንት ወደ ተጻፈው ቴፕ ሊደርስ አይችልም።

በ1956 አይ ቢ ኤም ራማክ የተባለውን መሣሪያ ይዞ ቀረበ። የመሣሪያው ማከማቻ 50 ዲስኮች ያሉት ሆኖ 5 ሚሊዮን ፊደላትን ይይዝ ነበር። ዲስክ ከቴፕ የሚበልጥበት ነገር የተፈለገውን ቃል ከመጀመሪያው ሳይጠቀለል በቀጥታ ማግኘት መቻሉ ነው። ነገር ግን ቴፕ ተነቅሎ በመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፤ ዲስኩ ከመሣሪያው ጋር እንደ ተያያዘ ይኖራል። ፍጥነቱ በጨመረ መጠን በዋናውና በግልባጩ መካከል የነበረው ርቀት እየጠበበ ሄደ ማለት ነው።

ዲስክን በሽቦ ከሩቅ የመጠቀም ዘዴ በ1980ዎቹ ዓመታት ተስፋፋ። በ1983 በአይ ቢ ኤም ይሠራ የነበረው ባሪ ፋይገንባውም ኤስ ኤም ቢ የተባለውን የመነጋገሪያ ደንብ አዘጋጀ፤ በ1984 ደግሞ ሰን ማይክሮሲስተምስ ኤን ኤፍ ኤስ የተባለውን አወጣ። በእነዚህ ደንቦች አማካይነት በሌላ ክፍል ያለ ዲስክ በራስ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል። በ1988 ፓተርሰን፤ ጊብሰንና ካትስ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፤ ርካሽ ዲስኮችን በኅብረት አሰልፎ አንዱ ሲሞት ሌሎቹ ሥራውን እንዲቀጥሉ የሚያደርገውን ዘዴ በጽሑፍ አቀረቡ። ይህ ዘዴ ሬይድ በሚባል ስም ይታወቃል። በአውስትራሊያ ካንቤራ የነበረው አንድሩ ትሪጅል በ1991 መጨረሻና በ1992 መጀመሪያ በኋላ ሳምባ የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። እርሱና ፖል ማኬራስ በ1996 ያወጡት አርሲንክ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ፤ ከአንድ ፋይል ውስጥ የተለወጠውን ክፍል ብቻ በሽቦ እየላከ ግልባጩን ከዋናው ጋር ያስተካክላል።

ከእነዚህ ክፍሎች ጥርቅም ለቤት የሚሆን ማከማቻ ተወለደ። በ2000 ሲኖሎጂ የተባለው ኩባንያ በታይዋን ተቋቋመ፤ በ2005 ኦሊቪዬ ኮሻር ላቤ የተባለው ፈረንሳዊ ፍሪናስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም አወጣ። ቀድሞ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ንብረት የነበረው መሣሪያ ከጫማ ሣጥን በማይበልጥ ዕቃ ውስጥ ገብቶ በሳሎን ጥግ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን ልናመለክት እንወዳለን። ሬይድ የተፈጠረው ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቋረጥ ነው እንጂ፤ ግልባጭ እንዲሆን አይደለም። በአንዱ ዲስክ ላይ የተደመሰሰ ነገር በዚያው ቅጽበት በጥንዱም ላይ ይደመሰሳል። አርሲንክም ዋናውንና ግልባጩን አንድ እንዲያደርግ ከታዘዘ የዋናውን ጉድለት ሳይቀር በታማኝነት ይገለብጣል። ሁለቱም በአያት፤ አባትና ልጅ ሥርዓት ውስጥ የነበረውን የዕድሜ ልዩነት በራሳቸው አይሰጡም።

3ኛ፤ ስብስቡ ወደ ቤት ሲገባ

የግለሰብ ስብስብ ለታሪክ ምን ይጠቅማል? የሚል ቢኖር፤ የእንግሊዝን የቴሌቪዥን ታሪክ እንጠቅስለታለን። ቢ ቢ ሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት ብዙ የፕሮግራም ቴፖችን ደምስሶ ለሌላ ሥራ ተጠቅሞባቸዋል። ከእነዚህም አንዱ «ዶክተር ሁ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ነው። ምስላቸው የጠፋው ክፍሎች ድምፃቸው ሁሉ ዛሬ ሊገኝ የቻለው፤ ተመልካቾች በየቤታቸው በቴፕ ቀድተው ስላቆዩት ነው። ምስላቸው ከጠፋው መካከልም 9 ክፍሎች በናይጄሪያ በጆስ ከተማ ተገኝተው በ2013 ለሕዝብ ተነገረ። እንግዲህ መሥሪያ ቤት የጣለውን ቤት አስቀምጦታል፤ አንዱ አገር ያጠፋውን ሌላው አገር መልሶታል።

የዛሬው የቤት ስብስብ ከዚያ ዘመን የቴፕ መደርደሪያ የሚለየው በዋነኛነት በመዝገቡ ነው። በ2002 ኤክስቦክስ የተባለውን የጨዋታ መሣሪያ ፊልምና ዘፈን ማጫወቻ የሚያደርግ ፕሮግራም በበጎ ፈቃደኞች ተሠራ። ይህ ፕሮግራም አድጎ ኤክስ ቢ ኤም ሲ ተባለ፤ በ2014 ስሙ ኮዲ ሆነ። ከእርሱ ተገንጥሎ በ2008 ፕሌክስ የተባለው ወጣ። በ2018 ደግሞ ኤምቢ ከተባለው ሌላ ፕሮግራም ተገንጥሎ ጄሊፊን ተወለደ። እነዚህ ፕሮግራሞች ፋይሉን ከማጫወት አልፈው፤ የፊልሙን ርእስ፤ ዓመተ ምሕረት፤ ተዋንያንና ሥዕል እየፈለጉ በመዝገብ ያሰፍራሉ።

መዝገቡ የሚጻፍበት መሣሪያ በአብዛኛው ኤስኪዩላይት የተባለው ነው። አመጣጡ ሊነገር የሚገባው ነው። ሪቻርድ ሂፕ የተባለው አሜሪካዊ የፕሮግራም ጸሐፊ በ2000 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መርከብ በሚሆን ሥራ ላይ ሳለ፤ የሚጠቀሙበት ዳታቤዝ የተለየ ሰርቨርና የተለየ አስተዳዳሪ የሚፈልግ በመሆኑ ይቸገር ነበር። ስለዚህ ሰርቨርም አስተዳዳሪም የማይፈልግ፤ መዝገቡ በሙሉ በአንድ ፋይል ውስጥ የሚያድር ዳታቤዝ ሠራ። ለመርከብ የታሰበው ነገር ለቤት ተስማማ፤ በቤትም የዳታቤዝ አስተዳዳሪ የለምና። ነገር ግን አስተዳዳሪ አለማስፈለጉ ጠባቂ አያስፈልገውም ማለት እንዳልሆነ ወደ ፊት እናያለን።

በዚህ መዝገብ ውስጥ ያለው ጽሑፍ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ከውጭ የመጣው ነው። ርእሱ፤ የተዋንያኑ ስምና የማስታወቂያው ሥዕል በኢንተርኔት ከሚገኙ የጋራ መዝገቦች የተቀዱ ስለ ሆኑ፤ ቢጠፉ ጊዜ ይፈጃሉ እንጂ እንደ ገና ይገኛሉ። ሁለተኛው ከቤተሰቡ የመነጨው ነው። ማን ምን እንዳየና የት ላይ እንዳቆመ፤ ለየትኛው ዘፈን ምን ያህል ነጥብ እንደ ሰጠ፤ ዘፈኖቹ በምን ቅደም ተከተል እንደ ተሰለፉ፤ በስሕተት የተሰየመው እንዴት እንደ ታረመ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቤተሰቡ የሠርግ፤ የክርስትናና የለቅሶ ምስል ላይ የሚታየው ሰው ማን እንደ ሆነ የተጻፈው ቃል ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው። ይህ ከየትም ሊቀዳ አይችልም። በገበያ የሚገኝ ፊልም ቢጠፋ እንደ ገና ይገዛል፤ በ30 ዓመት በፊት በተነሣ ምስል ጀርባ የቆሙትን አረጋዊት ስም የሚያውቁት ሰዎች ካለፉ ግን ስሙን የሚሸጥ ሱቅ የለም። የዚህ ሁሉ ቃል ፋይል ከአንድ ፊልም እጅግ ያነሰ መሆኑ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ብዙ ሰው ትልቁን ለመጠበቅ ሲደክም ትንሹን የሚረሳው ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል።

4ኛ፤ የቆመ ፊልምና የሚጻፍ መዝገብ

የፊልም ፋይል በማንኛውም ሰዓት ቢገለበጥ ለውጥ የለውም። መዝገብ ግን እንዲህ አይደለም። ምሳሌ ለመስጠት ያህል፤ አንድ ጸሐፊ የግምጃ ቤት መዝገብ ላይ ወጪውን በአንድ ገጽ ጽፎ ገቢውን በሌላው ገጽ ከመጻፉ በፊት ሌላ ሰው መጥቶ መዝገቡን ቢገለብጥ፤ ግልባጩ ገና ከመወለዱ ሐሰተኛ ነው። ከሁለቱ ገጾች ማንኛውም ብቻውን ስሕተት የለበትም፤ አንድ ላይ ሲታዩ ግን አይታረቁም። በዳታቤዝ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ፕሌክስ ወይም ጄሊፊን አዲስ ፊልም እየመዘገበ ሳለ ፋይሉ ቢገለበጥ፤ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ ግልባጭ ሊወጣ ይችላል።

ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ኤስኪዩላይት አዲሱን ጽሑፍ በመጀመሪያ በተለየ የማስታወሻ ፋይል ላይ አስፍሮ፤ በኋላ ወደ ዋናው መዝገብ የሚያዛውርበትን ዘዴ አወጣ። ሥራው ፈጠነ፤ ነገር ግን ዋናው ፋይል ብቻ ቢገለበጥ በማስታወሻው ላይ ያለው የመጨረሻ ቃል ይቀራል። ባለቤቱ ግልባጭ ያለው ይመስለዋል፤ ያለው ግን ቀሪው የተቆረጠበት መዝገብ ነው።

አውታረ መረቡ ሌላ ችግር ይጨምራል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ እንዳይጽፉ ዳታቤዙ ፋይሉን ይቆልፋል። ይህ መቆለፊያ በአንድ መሣሪያ ውስጥ የሚታመን ሲሆን፤ በኤን ኤፍ ኤስና በመሰሎቹ በኩል ግን ብዙ ጊዜ እንደሚገባው የማይሠራ መሆኑን የኤስኪዩላይት አዘጋጆች ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። በላይ የጠቀስነው የማስታወሻ ፋይል ዘዴም ጸሐፊዎቹ ሁሉ በአንድ መሣሪያ ላይ ካልሆኑ በቀር እንደማይሠራ ገልጸዋል። እንግዲህ በአውታረ መረብ ማከማቻ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው የመዝገቡ ግልባጭ ነው እንጂ፤ በየጊዜው የሚጻፍበት ሕያው መዝገብ አይደለም። ብዙ መሣሪያዎች አንዱን መዝገብ በጋራ እንዲጽፉበት የሚፈልግ ቤት፤ ኮዲ እንደሚፈቅደው፤ ማይኤስኪዩኤል ወይም ማሪያዲቢ የተባለውን ባለ ሰርቨር ዳታቤዝ ቢጠቀም ይሻላል።

ትክክለኛው አገለባበጥ ግን አስቸጋሪ አይደለም። አንደኛው መንገድ ፕሮግራሙን አቁሞ ፋይሎቹን በሙሉ ከነማስታወሻቸው መገልበጥና እንደ ገና ማስነሣት ነው። ሁለተኛው፤ ሥራ ሳይቆም ዳታቤዙ ራሱ የታረቀ ግልባጭ እንዲያወጣ ማዘዝ ነው። ኤስኪዩላይት ይህን የሚያደርግ መሣሪያ በ2009 አውጥቷል፤ በ2019 ደግሞ በአንድ የትእዛዝ መሥመር ንጹሕ ግልባጭ ወደ ሌላ ፋይል የሚጻፍበትን መንገድ ጨምሯል። ባለ ሰርቨሮቹም መዝገቡን ወደ ተራ ጽሑፍ የሚያወጣ የራሳቸው መሣሪያ አላቸው። ሦስተኛው መንገድ የኮዲ ነው። ኮዲ የእያንዳንዱን ፊልም መግለጫ በትንሽ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ ከፊልሙ አጠገብ ለማስቀመጥ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ያለ ምንም ልዩ ፕሮግራም በዓይን የሚነበብ ስለ ሆነ፤ ፕሮግራሙ ከዘመን በኋላ ቢረሳ እንኳ ቃሉ አይረሳም።

ፕሌክስ በበኩሉ በየሦስት ቀኑ የመዝገቡን ግልባጭ በራሱ እንዲያወጣ ተደርጓል። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ባለቤቱ ሌላ ቦታ ካልመረጠለት በቀር ግልባጩን የሚያስቀምጠው ዋናው መዝገብ ባለበት በዚያው ክፍል ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ግልባጭ ፋይሉ ቢዛባ ይጠቅማል፤ ዲስኩ ቢሞት ግን አብሮ ይሞታል። የሐይቁን ወንጌል እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

5ኛ፤ ከጥፋት የተገኙ ትምህርቶች

የጥፋት ታሪክ ከደንብ መጽሐፍ ይልቅ ያስተምራል። በ1998 ፒክሳር በተባለው የፊልም ድርጅት «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለው ፊልም እየተሠራ ሳለ፤ በስሕተት በተሰጠ የመደምሰሻ ትእዛዝ አብዛኛው የፊልሙ ሥራ ከዲስኩ ጠፋ። ግልባጩ ሲፈለግ፤ ሲገለበጥ የቆየው በትክክል እንዳልነበረ ታወቀ። ሥራውን ያዳነው የቴክኒክ ኃላፊዋ ጌሊን ሱስማን በቤቷ ሆና ለመሥራት ወደ ግል ኮምፒዩተሯ ወስዳው የነበረው ግልባጭ ነው። ትልቁ መሥሪያ ቤት ያጣውን አንድ ቤት አቆየለት።

በጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው ድርጅት አንድ ሠራተኛ ሌላ ችግር ለማቃናት ሲደክም ዋናውን ዳታቤዝ ደመሰሰ። በየቀኑ ይወጣ የነበረው ግልባጭ ሲታይ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ግልባጩን የሚያወጣው መሣሪያ ከዳታቤዙ ጋር የማይስማማ አሮጌ ዓይነት ስለ ነበረ ሥራው ሲከሽፍ ቆይቷል፤ ክሽፈቱን የሚያስታውቀው ደብዳቤም ለተቀባዩ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። ድርጅቱ የተረፈው ከ6 ሰዓት በፊት በእጅ ተወስዶ በነበረ የዲስክ ቅጽበታዊ ግልባጭ ነው። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለሕዝብ አስታወቀ፤ ታሪክ ጸሐፊም ስለዚህ ባለውለታው ነው። ከዚህ የምንማረው፤ ያልተፈተነ ግልባጭ ተስፋ እንጂ ግልባጭ አለመሆኑን ነው።

የቤት ማከማቻዎችም ከጥፋት አላመለጡም። በነሐሴ 2014 ሲኖሎክር የተባለው ተንኮል የሲኖሎጂ መሣሪያዎችን እየቆለፈ ገንዘብ ጠየቀ፤ በ2022 ዴድቦልት የተባለው በኪውናፕ መሣሪያዎች ላይ እንዲሁ አደረገ። በሰኔ 2021 ደግሞ ማይ ቡክ ላይቭ የተባለው የዌስተርን ዲጂታል ማከማቻ ያላቸው ብዙ ሰዎች፤ ዕቃቸው በሙሉ ከሩቅ በመጣ ትእዛዝ ተደምስሶ አገኙት። አምራቹ ለዚህ ዓይነት መሣሪያ ጥገና መስጠቱን በ2015 አቁሞ ነበር፤ መሣሪያዎቹ ግን በየቤቱ ሥራቸውን ቀጥለው ነበር። ለመጠባበቂያ ተብሎ የተገዛው ዕቃ ከኢንተርኔት ጋር እንደ ተያያዘ የሚኖር ከሆነ፤ ዋናው የሚደርስበት አደጋ ለእርሱም አይቀርም።

ለዚህ ሁሉ መልስ የሚሆን አጭር ደንብ ያስፋፋው ከኮምፒዩተር ሊቃውንት ወገን ሳይሆን ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ነው። ደንቡም «3፤ 2፤ 1» ይባላል። ይኸውም ዋናውን ጨምሮ 3 ቅጂ ይኑር፤ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይቀመጥ፤ 1 ደግሞ ከቤት ውጭ ይሁን ማለት ነው። ለአንድ ቤት መዝገብ ሲተረጎም፤ አንዱ ፕሮግራሙ በሚሠራበት መሣሪያ ውስጥ፤ ሁለተኛው በአውታረ መረብ ማከማቻው ላይ፤ ሦስተኛው በሌላ ሰፈር ወይም በሌላ አገር ባለ ዘመድ ዘንድ ይሆናል። የመዝገቡ ፋይል ትንሽ ስለ ሆነ ይህ ከፊልሞቹ ይልቅ እጅግ የሚቀል ነው። ዘመዶቻቸው በዋሽንግተን፤ በቴል አቪቭና በዱባይ ለተበተኑ የእኛ አገር ቤተሰቦች ርቀቱ ለአንድ ጊዜ እንኳ ጥቅም ሊሆን ይችላል።

በደንቡ ላይ ከታሪኩ ያገኘናቸውን ሁለት ነገሮች ብንጨምር እንወዳለን። አንደኛው ዕድሜ ነው፤ የመጨረሻው ግልባጭ ብቻ ሳይሆን የሳምንቱም የወሩም ይቆይ፤ አያት፤ አባትና ልጅ እንደ ገና ይመለሱ። ሁለተኛው ፈተና ነው፤ ግልባጩ በየጊዜው በሌላ መሣሪያ ላይ ተከፍቶ ይታይ። በዚህ ጊዜ መዝገቡ የፊልሞቹን ትክክለኛ አድራሻ እንደያዘ መመልከት ይገባል። መዝገቡ ፊልሙን የሚያውቀው በተቀመጠበት ክፍል ስም ነውና፤ ክፍሉ ከተለወጠ መዝገቡ ደኅና ሆኖ ሳለ የሚያመለክተው ወደ ባዶ ቦታ ይሆናል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፤ ከቴፕ ወደ ዲስክ፤ ከዲስክም ወደ አውታረ መረብ በተደረገው ጉዞ መሣሪያው ፈጥኗል፤ ረክሷል፤ ወደ ቤትም ገብቷል። ነገር ግን ቴፕ ሳይታሰብ የሰጠውን የቦታና የዕድሜ ርቀት አዲሱ መሣሪያ በራሱ አይሰጥም፤ ባለቤቱ አስቦ ሊያደርገው ይገባል። ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ እንዲህ ነው። የአውታረ መረብ ማከማቻ መዝገቡን የሚጠብቀው ታርቆ የወጣ ግልባጭ ሲቀመጥበት፤ ሌላም ግልባጭ ከእርሱ ውጭ ሲኖር፤ ግልባጮቹም ተከፍተው ሲፈተኑ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ማከማቻው ሁለተኛ መጋዘን እንጂ መጠባበቂያ አይሆንም።

አንድ ምክር ጨምረን እንፈጽማለን። የቤተሰብ ምስል ያለው ሰው ሁሉ፤ በምስሉ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም፤ ቦታውንና ቀኑን ከመዝገቡ አውጥቶ በተራ ጽሑፍ ይጻፍ፤ በወረቀትም ያትም። ካሊማኮስ የዘረዘራቸውን መጻሕፍት ዛሬ በስም ለመቁጠር አልቻልንም፤ የአባ ኢየሱስ ሞዓን መጻሕፍት ግን አንድ ሰው በወንጌል ባዶ ገጽ ላይ ስለ ጻፋቸውና ሌሎችም ያንን ገጽ በፊልም አንሥተው በሁለት ክፍለ ዓለም ስላስቀመጡት እናውቃቸዋለን። በየቤታችን ያለው መዝገብ ከሁለቱ የማንኛውን ዕጣ እንደሚያገኝ የሚወሰነው፤ ስሞቹን የሚያውቁት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ በሚደረገው ሥራ ነው።